ሴፍቲኔት በአስታማሚ ዓይን፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

እማዬን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ሥራዬን ትቼ አስታማሚ ሆኛለሁ። ደመወዝ የለው፣ እረፍት የለው። ደሴ ላይ ለአስታማሚ ተብሎ የሚከፈል ብር ስለሌለ የምናገረው ስላለው፣ ለድሃ ቤተሰብ ብር ስለሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም ስለ ሴፍቲኔት ነው።

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። መሥራት የሚችል ጽዳትና ችግኝ ላይ ይሰማራል። እንደ እማዬ ላለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ አለ፤ ሥራ ሳይጠየቅ ብሩ በባንክ ይገባል። ትንሽ ናት፣ ግን ማንንም ሳልለምን ዳይፐር እገዛባታለሁ፣ ይህን ያየ ያውቀዋል።

ያቃጠለኝ ምልመላው ነው። ድህነታችሁን የሚመዝነው የሰፈር ኮሚቴ ነው፤ እኛን መጀመሪያ «ጤነኛ ልጅ አለቻት፣ ሠርታ ታብላት» ብለው ጣሉን። እሺ እኔ ሥራ ስወጣ ማን ያገላብጣት? ቅሬታ አስገብቼ፣ ከሆጤ ሰፈር ሽቅብ ሽቅብ ስመላለስ ጫማዬ አልቆ፣ በመጨረሻ የሐኪም ማስረጃ ሳቀርብ ነው የገባን። እናንተ ከመጀመሪያው ያዙት።

የጤና መድኑም አግዞናል፤ ካርድና ምርመራ አልከፈልንም። የባጃጁ ግን ከኪሴ ነው፣ በዛ ላይ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ «የለም» ይባላል።

ቅሬያችን፣ ማለትም እድራችን? እሱ ብር የሚያወጣው ስንሞት ነው። የቅሬው ሴቶች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ገብተው እማዬን ይጠብቁልኛል፣ እኔም ገበያ ወጥቼ፣ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ። ለነሱ አምስት ኮከብ።