ምርጥ ምድጃ በደሴ ብርድ፦ የአሥር ወር ቅሬታዬ

ሻጩ አንድ ነገር ደብቆኛል። ወይም አልደበቀኝም፤ እሱም አያውቀውም። የሆነው ሆኖ ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነገር ነው።

ዕቃው "ምርጥ" የሚባለው ምድጃ ነው፤ የእንጀራ መጋገሪያው። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው። ስድስት ቁራጭ ሆኖ ይመጣል። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ይሸከማሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ይሆናሉ። የገዛሁት የካቲት 2017 ላይ ነው። አሁን ታኅሣሥ ነው። ጋጋሪዋ እናቴ ናት፤ ገምጋሚው እኔ። ይህን ከወዲሁ ልናዘዝ፤ በኋላ "አንተ መቼ ጋግረህ ታውቃለህ?" እንዳትሉኝ።

ዓምና አካባቢን የማይጎዳ ኑሮ ልጀምር ብዬ ተነሣሁ። ምክንያቱ ትልቅ ነገር አይደለም። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከጦሳ ተራራ በኩል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን አያለሁ። ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉም ቅጠሉም አንድ ላይ ታስሮ። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይረዝማል። አንድ ቀን አንዷ እኛው በር ላይ አራገፈች። ለካ ደንበኛችን ናት። እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን ትጋግራለች። ያ ሁሉ ሸክም አመድ የሚሆነው እኛው ቤት ነው። አፈርኩ።

በፌስታል ጀመርኩ። ዘንቢል ይዤ ሰኞ ገበያ ስወርድ የሰፈር ልጆች "ሙሽሪት!" እያሉ አሾፉብኝ። በዚያው ዓመት ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ጸደቀና አፋቸውን ያዙ። ቀጥዬ የጎመንና የድንች ልጣጭ የማጠራቅምበት ጉድጓድ ቆፈርኩ። የጎረቤት ዶሮዎች ጭረው ጨረሱት። ሦስተኛው ምድጃው ነው።

"የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን አልገዛህም?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ከእንጨት ይሻላል። ግን እኛ በጋራ ቆጣሪ ነን። አንድ ምጣድ ሲሰካ ግቢው በሙሉ ይጨልማል፤ ከዚያ የሚመጣው ጭቅጭቅ ከጭሱ ይብሳል።

ሻጩ ምላሰኛ ነበር። "ይኼ እንጨት እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ የሚነደው ለነፋስ ነው። ይኼኛው ግን ሙቀቱን ይዞ ለምጣዱ ብቻ ይሰጣል" አለኝ። "ለምጣዱ ብቻ" የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ!

ከየካቲት እስከ ሰኔ ስላለው የምለው ብዙ የለኝም። ይጋግራል። እንጀራው ዓይን ያወጣል። የእናቴ ምጣድ ትንሽ ስለጠበበ ዙሪያውን በጭቃ ደፈነችው። እንጨቱንም ቀጠን አድርጎ መፍለጥ ግድ ሆነ፤ እሱ የኔ ሥራ ነው። እንጨቱ በእውነት ቀንሷል። ሴትዮዋ በሳምንት የምታመጣልን ሸክም አሁን ወደ ሁለት ሳምንት ይጠጋል።

ከዚያ ሐምሌ ገባ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢያችን ይገባል፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይውላል። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ እናቴ ማድ ቤት ምጣዱ ሥር ተቀምጣለች። ጋቢ ለብሳለች። ከጋቢው በላይ የኔን ጃኬት ደርባለች።

"እማ፣ ምን ሆነሽ?"

"በረደኝ።"

"እሳት ዳር ተቀምጠሽ?"

"የቱ እሳት? እሳቱንማ እስር ቤት አስገባኸው እኮ።"

እጄን ወደ ምድጃው ዘረጋሁ። ግድግዳው ለብ ብቻ ብሏል። እሳቱ ውስጥ ይንቦገቦጋል፤ እኛ ጋ ግን የለም። ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ጉልቻ ሲነድ ማድ ቤቱ በሙሉ ይሞቅ ነበር። እናቴ ስትጋግር እህቴ ጥግ ይዛ ታጠናለች፤ ጎረቤት "ደህና ዋላችሁ" ብላ ገብታ ቡናው እስከ በረካ ይቀጥላል፤ እኔም ከሥራ ስገባ መጀመሪያ እጄን የምዘረጋው እዚያ ነበር። ባከነ የሚሉት ሙቀት ለካ የሚባክነው እኛ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሻጩን በልቤ ስሞግተው ነው የምውለው። "ግማሽ እንጨት አትርፌልህ የለ?" ይለኛል። አዎ፣ አትርፈሃል። ግማሹን ሙቀትስ የት አደረስከው? "የሸጥኩልህ ምድጃ እንጂ ማሞቂያ አይደለም" ይላል። ወንድሜ፣ ደሴ ላይ እኮ ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው! ይህን ስታስረዳ አንድ ጊዜ "ቤታችሁ ይበርዳል ወይ?" ብትለኝ ምን ነበረበት? "እሺ፣ የእናትህ ዓይንስ? ጭሱስ?" ሲለኝ ግን ዝም እላለሁ። እዚያ ላይ ይረታኛል።

እናቴ የራሷን መፍትሔ አገኘች። ማንደጃ። ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥላ ሳሎን ታስገባለች። በፊት ከሰል ለቡና ብቻ ስለነበር አንድ ማዳበሪያ ሁለት ወር ይቆየን ነበር። ሐምሌ ላይ የገዛነው በአምስት ሳምንት አለቀ። ከሰል ደግሞ ያው እንጨት ነው። ያውም አፈር ለብሶ ሲከስል አብዛኛው ጉልበቱ እዚያው ጫካ ቀርቶ የመጣ እንጨት። ስለዚህ በምድጃው ያዳንኩትን ዛፍ በማዳበሪያ መልሼ እየገዛሁት ነው። የአካባቢ ተቆርቋሪው እኔ!

በዚያ ላይ ፍርሃት አለ። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ የሚወጣው ጋዝ ሽታም የለው፣ አያስነጥስም። ስለዚህ መስኮቱን ገርበብ አድርገን ነው የምንሞቀው። መስኮቱ ሲከፈት ብርዱ ይገባል። ብርዱ ሲገባ ከሰል ይጨመራል። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ነሐሴ ላይ ብሶብኝ "አፍርሼ ጉልቻውን ልመልስልሽ" አልኳት። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ብላ ዝም አለች። አፍርሰው ማለቷ ይሁን ተወው ማለቷ ይሁን እስካሁን አላወቅሁም።

ጥቅምት ላይ ጎረቤት ሠርግ ነበር። እናቴ ለድግሱ ሁለት ቀን እዚያው በሦስት ጉልቻ ስትጋግር ዋለች። ማታ ስትመጣ ዓይኗ ደም መስሏል። ሌሊቱን ስትስል አደረች። "ምነው፣ ጉንፋን ነው?" አልኳት። "ኧረ ጭሱ ነው" አለች። "በፊትም እንዲህ ትሆኚ ነበር?" ትንሽ አሰበች። "እኔ እንጃ፤ በፊትማ ሁልጊዜ ነው፤ ማን ልብ ይለዋል" አለችኝ። የዚያን ቀን ሻጩን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። በማግስቱ ሲበርደኝ መልሼ ወሰድኩበት።

ኅዳር ላይ አክስቴ ከኮምቦልቻ መጣች። ኮምቦልቻ ከኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። አክስቴ እኛን መውቀስ ትወዳለች፤ የቦርከና ወንዝ ወደነሱ ስለሚፈስ "እናንተ የጣላችሁትን ፌስታል የምናየው እኛ ነን" ትላለች። ዘንቢሌን ሳሳያት "አንድ ሰው ተገኘ" አለች።

እናቴ ስትጋግር ማድ ቤት ገባች። መዳፏን ምድጃው ግድግዳ ላይ አሳረፈች። አነሣች። መልሳ አሳረፈች።

"ወላሂ አያቃጥልም!" አለች።

"እሱ ነው ችግሩ" አለች እናቴ።

"ምን ችግር አለው? እኛ ጋ እንጀራ መጋገር ማለት ሁለት ነገር መጋገር ነው፤ እንጀራውንና ራስሽን። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ነው የምጨርሰው።"

እኔ ከሐምሌ ጀምሮ ያማረርኩበት ነገር ለሷ ጸጋ ሆነ። ያው ምድጃ፣ ያው ሲሚንቶ። ሻጩ ኮምቦልቻ ቢሸጥ ኖሮ እኔ ይህን አልጽፍም ነበር።

"ካልተስማማችሁ ለኔ ስጡኝ" አለች አክስቴ። ደስ አለኝ። "አብሽሪ፣ ነገውኑ ነቅዬ እሰጥሻለሁ" ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

"የቱን? የኔን?"

"አንቺ እኮ በረደኝ ስትዪ ነው የከረምሽው" አልኳት።

"በርዶኛል። ምድጃዬን ውሰዱልኝ ግን አላልኩም።" አክንባሎውን አንሥታ እንጀራውን አወጣች። ከኋላ የጣደችው ማሰሮ ውኃው ሞቋል፤ ለዙህር ውዱእ ታደርግበታለች። በጭሱ መውጫ እንዲያው በነፃ የሚሞቅ ውኃ። ይህንንም ሻጩ አልነገረኝም። መጨረሻ ላይ ከምድጃው አፍ የቀረችውን ፍም ዝቃ ማንደጃ ላይ አደረገችና አመድ ነሰነሰችበት። "ለማታ ትሆነናለች" አለች። በሳምንት ሁለት ቀን እንዲህ ከከሰል እንገላገላለን ማለት ነው። አምስቱ ቀን ግን ያው ነው።

"ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" ለምትሉ፦ ኮምቦልቻ ወይም እንደሷ ሞቃት የሆነችው ሐርቡ ከሆናችሁ አትጠይቁኝ፤ ግዙ። ደሴ ከሆናችሁ ግን መልሴ በቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ስለወጣች ግዙ እላለሁ። ትናንት ማታ ብትጠይቁኝ ኖሮ የሻጩን እናት ጭምር አነሣ ነበር።

ለአክስቴ ሁለተኛ ምድጃ ገዝቻለሁ። እናቴ ናት "ልጁ ይገዛልሻል" ብላ ቃል የገባችው፤ እኔን ማን ጠየቀኝ። ስድስቱ ቁራጭ በር ላይ ተደርድሮ የሚጭነው ሚኒባስ እየጠበቀ ነው። ረዳቱን ትናንት አነጋገርኩት። "በሐረጎ ቁልቁለት ከተሰነጠቀ አልጠየቅም" አለኝ። ሒሳቡን ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁራጭ እንደ አንድ ሰው ነው የሚያስከፍለኝ።