የእንጅባራ ግብጦ፦ መጀመሪያ ተፋሁት፣ ከዚያ ሁለት ኪሎ ገዛሁ

ኦዲተር ነኝ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ለሥራ እንጅባራ አንድ ሳምንት ከረምኩ። ሰኞ ሌሊት ተነስተን ዓባይ በረሃን ወርደን ወጣን፤ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፈን ስንደርስ መሽቷል። ብርዱ አይነሳ። ሽሮ፣ ድንች፣ ደግሞ ሽሮ። በሦስተኛው ቀን ሰለቸኝና “እዚህ አገር እኔ የማላውቀው ምን ይበላል?” ብዬ ጠየቅኩ። ባልደረባዬ ሳያስብ “ግብጦ!” አለኝ።

ለማታውቁት፣ ግብጦ ጠፍጠፍ ያለ ነጭ ጥራጥሬ ነው። በአዊና በምዕራብ ጎጃም፣ ሌላ እህል እምቢ በሚልበት ደካማ መሬት ላይ ሳይቀር ይበቅላል። አረቄም ይወጣዋል። ጥሬው ግን መራራ ነው፣ ሰውም ይመርዛል። ስለዚህ ይቆላና ወንዝ ውስጥ ለቀናት ተዘፍዝፎ ነው የሚበላው።

ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ መናኸሪያው አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ የ20 ብር ገዛሁ። ሦስት ፍሬ አንድ ላይ ወደ አፌ ወረወርኩ። በስመአብ! ኮሶ ያጠጡኝ መሰለኝ። (የከተማዋ የድሮ ስም ኮሶበር መሆኑን የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። ስሙ ገባኝ።) መንገድ ላይ ተፋሁት። ባለሱቁ “ጣዕሙ እንዲህ ነው” ብሎ ድርቅ አለ። አይደለም።

በማግስቱ ባልደረባዬ አንዲት እናት ዘንድ ወሰደኝ። ቤቱ ስም የለውም፤ በረንዳ ነው። ሁለት የቀርከሃ ወንበር፣ አንድ ሳፋ፣ መስፈሪያ የሻይ ብርጭቆ። የትናንቱን ነገርኳቸው።

“ቸኩለውበት ነዋ ልጄ። እኔ አምስት ሌሊት ነው የማሳድረው።”

“ቤት ውስጥ በባልዲ አይሆንም እማማ?”

“ውኃውን ቶሎ ቶሎ ካልቀየርሽው የቆመ ውኃ ምን ያደርግልሻል? ያንኑ ምሬቱን መልሶ ያጠጣዋል። የሚሄድ ውኃ ነው የሚፈልግ።”

ጆንያ ውስጥ ቋጥረው ወንዝ ያወርዱታል፤ እንዳይወሰድ ድንጋይ ይጭኑበታል። በየቀኑ እየወረዱ አንዲት ፍሬ ይቀምሳሉ። ከመረረች መልሰው ያስሩታል። ቁጣም ችኮላም የለም።

እኔም ቀመስኩ። ልጣጩን በሁለት ጣት ጫን ስትሉት ፍሬው ሾልኮ ይወጣል። ከአሹቅ ጠንከር ይላል፣ ጥርስ ስር ቀጭ ይላል፣ ኦቾሎኒ የሚመስል ቅባት አለው። ምሬቱ ጨርሶ አልጠፋም። መጨረሻ ላይ ትንሽ ብቅ ይላል፣ ጨውና ሚጥሚጣው ይቀበለዋል። ሁለት ብርጭቆ ጨረስኩ።

እየበላሁ ሳለ እሁድ ሳስቀድስ የሰማሁት ወንጌል መጣብኝ። ሳምንቱ መፃጉዕ ነው። አንድ ሰው 38 ዓመት ታሞ፣ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ በሚድንበት መጠመቂያ ዳር ተኝቷል። ጌታ “ልትድን ትወዳለህን?” ይለዋል። “አዎ” አላለም እኮ! ውኃው በተናወጠ ጊዜ የሚያስገባኝ “ሰው የለኝም” ነው ያለው። ስንት ዓመት ስሰማው ይህን ልብ ብዬው አላውቅም።

እኔና እህቴ በእናታችን ቤት ምክንያት ከተጣላን ሦስት ዓመታችን ነው። ንስሐ አባቴ በየጾሙ “ታረቂያት እንጂ” ይሉኛል። እኔ ክሴን እዘረዝርላቸዋለሁ፤ ኦዲተር ነኝና ቀኑንም ብሩንም አልስትም። አንዴ ደግሞ “ይቅር ብያታለሁ” ብዬ ነበር። ወር ሳይሞላ ያው ምሬት ተመልሶ አፌን ሞላው። ያን ጊዜ እሷን ነበር የወቀስኩት። እዚያ በረንዳ ላይ ግን ይቅርታዬ አንድ ሌሊት ብቻ አሳድሬ ያወጣሁት ግብጦ ሆኖ ታየኝ። መፃጉዕን ያዳነው ውኃው ሳይሆን የጌታ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ለእኔም ነው፤ እኔም እስካሁን “አዎ” አላልኩም።

ወደ ግብጦው ልመለስ። ከአሥር ስምንት ነጥብ እሰጣቸዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ከሰዓት ስትሄዱ ስለሚያልቅ ነው። ሌላውን ለፌስታሉ፤ ስስ ነው፣ አፍስሶ የሥራ ወረቀቴን አርሶብኛል። ብርጭቆው 15 ብር ነው፣ ምርቃት ይጨምራሉ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ይጠንቀቅ፣ ግብጦም ላይስማማው ይችላል። ከየትም ስትገዙ ደግሞ መጀመሪያ አንዲት ፍሬ ብቻ ቅመሱ። ከመረረች አትክፈሉ።

ሁለት ኪሎ ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። አንዱን ኪሎ በሦስት ቀን ጨረስነው። ሁለተኛው የእህቴ ነው፣ እስካሁን አልወሰድኩላትም። ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ በየጠዋቱ ውኃውን እቀይርለታለሁ።