እናት አባታችሁን ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ልትወስዱ ከሆነ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

የደብረ ብርሃን፣ የመንዝ፣ የአንኮበር ልጆች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው። "ሁሉን ያካተተ የኢየሩሳሌም ጉዞ" የሚል ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ እየዞረ ነው። እናቴን ይዤ በእንዲህ ያለው ጉዞ ሄጃለሁ። አዘጋጁን በስም አልጠራም፤ አሠራሩን ግን ልንገራችሁ።

ስንከፍል "ሆቴሉ ከጎልጎታ በእግር ይደረሳል" ተባልን። ያሳደሩን ቤተልሔም ነው። ቤተልሔም ማደር በራሱ ክፋት የለውም፣ ዋጋውም ይቀላል፣ ቀድመው ነግረውን ቢቀንሱልን ኖሮ ማንም ቅር አይለውም ነበር። እኛ ግን የከፈልነው የኢየሩሳሌም ዋጋ ነው። ርቀቱ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መሀል ላይ ግንብና ኬላ አለ። የእማዬ ምኞት ሌሊት ተነስታ ዴር ሡልጣን ገዳም ኪዳን ማስደረስ ነበር። "አውቶቡሱ ከሦስት ሰዓት በፊት አይነሳም" አሏት፣ በቃ። በራሳችን እንሂድ ብትሉ ደግሞ የኢየሩሳሌም የከተማ ባቡር ቤተልሔም አይደርስም፤ እዚያው ኢየሩሳሌም ውስጥም ለአይሁድ ሰንበት ዓርብ ከሰዓት ቆሞ እስከ ቅዳሜ ማታ አይሠራም። ስቅለትና ቀዳም ሥዑር ማለት ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የ"መግቢያ" ገንዘብ ነው። አስጎብኚው አውቶቡስ ውስጥ እየዞረ ከየሰዉ ዶላር ሰበሰበ። እማዬ ለመባ ብላ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ሰጠችው። ደርሰን ስናይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው የለም። ወገኖቼ፣ ጎልጎታ በነጻ ነው የሚገባው። የቤተልሔሙ የልደት ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው። ዴር ሡልጣን ደግሞ እዚያው ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለ የገዛ ገዳማችን ነው! ደረሰኝ ስንጠይቀው "ለአስተባባሪዎች ነው" ብሎ አለፈን።

"የጾም ምግብ አለ" የተባለውም ውሸት ነው። በሰሙነ ሕማማት ቀኑን ሙሉ ጾመው ለዋሉ አረጋውያን ማታ ዶሮና አይብ ቀረበ። እማዬ ከቤት የያዘችውን የገብስ በሶ በሻይ ብርጭቆ በጠበጠች፣ አጠገቧ ላሉትም አካፈለች። ያን ሁሉ ብር የከፈለ ሰው በስንቁ ሲያድር ማየት ያማል።

ስለዚህ የሆቴሉ ስምና ያለበት ከተማ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከዚያ ራሳችሁ ሆቴሉ ጋ ደውላችሁ ቦታ መያዙን አረጋግጡ። ጉልበት ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አሮጌው ከተማ ውስጡ ደረጃና ድንጋይ ነው፣ መኪና በየመንገዱ አይገባም። እዚያ ደርሳችሁ የምትከፍሉት ካለ ከነምክንያቱ አስቀድሞ ይዘርዘር። "ቪዛው እርግጠኛ ነው" የሚላችሁን አትመኑ፤ የሚሰጠውም የሚከለክለውም ኤምባሲው ነው። ቢከለከል ስንት ብር እንደሚመለስላችሁ በጽሑፍ ያዙ።

አብራችሁን የተጓዛችሁ ካላችሁ፣ ያለ ደረሰኝ የሰጣችሁትን ዶላር መጠን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አቤቱታውን በጋራ ነው የምናስገባው።