ኦዱ፦ ሱቅና መጋዘን የሚያስማማ ሶፍትዌር

የጽሕፈት መሣሪያ በሚያከፋፍል ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ። መርካቶ ያለው ሱቅ «አለ» ያለውን ወረቀት ቃሊቲ ያለው መጋዘን «ከየት አምጥቼ?» ሲል፣ መካከል ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ኦዱ ከገባ ወዲህ ይህ ክርክር ቀርቷል።

ኦዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ቤልጅየም ውስጥ የተጀመረ ሶፍትዌር ነው። ግዢን፣ ሽያጭን፣ ንብረትንና ሒሳብን በአንድ ዳታቤዝ ያያይዛል። አንድ ካርቶን ኤ4 ወረቀት ተሸጦ ርክክቡ ሲጸድቅ የመጋዘኑ ቀሪ ወዲያው ይቀንሳል፤ የሽያጭ ደረሰኙ (ኢንቮይሱ) ሲጸድቅ ደግሞ የሒሳብ ምዝገባው በራሱ ይሠራል። ቢን ካርድን (የመጋዘኑን የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) ከሌጀር (ከሒሳብ መዝገቡ) ጋር ማመሳከር ከጫንቃዬ ወርዷል። ቆጠራ ግን አይቀርም፤ አይጥ የቆረጠውን ወረቀት ኮምፒውተር ከየት ያውቃል?

ሰርቨሩ፣ ማለትም ኦዱ የተጫነበት ዋና ኮምፒውተር፣ እዚሁ መርካቶ ቢሯችን ውስጥ ነው፤ በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም እኛ በውስጥ ኔትወርክ ሥራችንን እንቀጥላለን። የቃሊቲው መጋዘን ግን ኦዱን የሚከፍተው በኢንተርኔት ስለሆነ እስኪመለስ ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሚያስፈልገው ሰርቨሩ ብቻ አይደለም፤ የኔትወርክ ማከፋፈያው ከጠፋ ሰርቨሩ ቢበራም አይጠቅምም።

ነፃው ዕትም የተሟላ የሒሳብ ክፍል እንደሌለው አስቀድማችሁ እወቁ። ኦዱ የሚሠራውም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንዲዘጋ ጁላይ 7 ብሎ መሙላት ይበቃል፤ ለየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሪፖርት ግን መነሻና መድረሻ ቀኑን በየጊዜው በእጅ መምረጥ ግድ ነው።