ለጭርትና ለአፍ ፈንገስ የትኛውን መድኃኒት እንግዛ?

ፋርማሲ ገብቶ «የፈንገስ ቅባት ስጡኝ» ማለት የተለመደ ነው። ግን የፈንገስ ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም። ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ ፈንገሱ የወጣበትን ቦታና ቱቦው ላይ ከንግድ ስሙ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም።

ለሰውነት ጭርት ብዙ ጊዜ የሚመረጡት ክሎትሪማዞል 1% እና ተርቢናፊን 1% ክሬም ናቸው። ክሎትሪማዞል በቀን ሁለት ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ተርቢናፊን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ተቀብቶ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ያልቃል። ክሎትሪማዞል በዋናነት የፈንገሱን እድገት ሲገታ፣ ተርቢናፊን የጭርቱን ፈንገስ ይገድላል። መቀባት ቶሎ ለሚሰለቸው ሰው ተርቢናፊን ይሻላል። ብብት፣ ጡት ሥርና ብሽሽት ላይ ግን ካንዲዳ የሚባለው ሌላ ፈንገስም ይወጣል፤ በእሱ ላይ ተርቢናፊን ደካማ ነው። ስለዚህ ዓይነቱ ካልለየላችሁ እኔ የምመርጠው ክሎትሪማዞልን ነው። የትኛውንም ብትገዙ ቦታውን አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፣ ከጭርቱ ጠርዝ ወጣ አድርጋችሁም ቀቡ። ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ አታቋርጡ።

አሁን ከልቤ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ክሎትሪማዞል ከቤታሜታዞን ጋር የተቀላቀለበት ክሬም አለ። ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ እንጂ ፈንገስን የሚያጠፋ አይደለም። ሰው የሚወደው ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስለት ነው። ችግሩ ስቴሮይዱ የቆዳውን መከላከያ ያዳክማል፤ ፈንገሱም ከሥር መስፋፋቱን ይቀጥላል። ያልተነካካውን የተለመደ ጭርት አይታችሁት ከሆነ ዳር ዳሩ ቀላ ብሎ ከፍ ይላል፣ ይፈረፈራል፣ መሃሉ ይጠራል። ድብልቁን ሲቀባ የከረመ ሰው ላይ ግን ያ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ሽፍታው ሰፍቶ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ፊት ላይና ብሽሽት ላይ ደግሞ ቆዳ ይሳሳል። ሐኪም አይቶ ለአጭር ጊዜ ካላዘዘላችሁ «ቤታሜታዞን» ወይም ሌላውን ስቴሮይድ «ክሎቤታሶል» የሚል ካያችሁ መልሱት። ለሕፃን ዳይፐር ሥር ደግሞ በፍጹም!

የልጅ ራስ ላይ ለሚወጣ ቆረቆር ከክሬሞቹ አንዱንም አትግዙ። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም። በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ግሪሲዮፉልቪን ከታዘዘ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ለሳምንታት ይወሰዳል።

ወደ አፍ እንምጣ። እዚህ ንጽጽሩ በኒስታቲን ፈሳሽና በሚኮናዞል የአፍ ጄል መካከል ነው። ኒስታቲን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ብዙም አይጋጭም። ጣጣው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ዱቄቱ ጠርሙሱ ሥር ስለሚዘቅጥ በደንብ ካልተበጠበጠ የምትወስዱት ከመድኃኒቱ ይልቅ ውሃውን ነው። በቀን 4 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ግማሹ በአንዱ ጉንጭ ግማሹ በሌላው ይደረግና አፍ ውስጥ ቆይቶ ይዋጣል። ቶሎ ከተዋጠ ሥራውን አልሠራም። አፍ ውስጥ የሚታየው የፈንገሱ ነጭ ነገር ከጠፋ በኋላም ለ2 ቀን ይቀጥላል።

ሚኮናዞል ጄል የታመመው ቦታ ላይ ስለሚጣበቅ ጥሩ ይሠራል። ሁለት ሰዎች ግን አይግዙት። አንደኛ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፤ ጄሉ ደሙን ከመጠን በላይ አቅጥኖ ለከባድ መድማት ይዳርገዋል። ሁለተኛ፣ ከ4 ወር በታች ሕፃን ያላት እናት፤ ጄሉ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሊያንቀው ይችላል። ከዚያ በላይ ለሆነ ሕፃንም በጥቂት በጥቂቱ በጣት ይቀባል እንጂ በማንኪያ አይሰጥም። ለእነዚህ ሁለቱ ኒስታቲን ይመረጣል።

የሚዋጠውን የፈንገስ መድኃኒት፣ ፍሉኮናዞል ካፕሱልን ግን ያለ ሐኪም አትግዙ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት። የኬቶኮናዞል ኪኒን ደግሞ በጉበት ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለፈንገስ ሕክምና ከገበያ እንዲወጣ ምክር ሰጥቶበታል። የኬቶኮናዞል ሻምፖ ይህ ስጋት የለበትም፤ ለቋቁቻና ለፎረፎርም ጥሩ ነው።

የአስም መንፊያ ስቴሮይድ የምትጠቀሙ ከሆነ የአፍ ፈንገስ እንዳይወጣባችሁ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡና ትፉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሲተኛ ያውልቀው። ይህ ሁሉ ሳይኖር ደህና የነበረ አዋቂ አፉ ነጭ ከሆነ፣ ወይም ሲውጥ ካመመው፣ ጠርሙሱን ከመግዛቱ ጎን ለጎን የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ያድርግ።