ለቅርብ ሥራ የምትሆን የቁልፍ መያዣ ባትሪ፦ ከወራት በኋላ

ከፋሲካ ጀምሮ ከቁልፌ ጋር የምትዞር ትንሽ የእጅ ባትሪ አለችኝ። አሁን መስቀልም አልፏል። ገዝቶ በሳምንቱ "አሪፍ ነች" ከሚል ሰው የተሻለ የማወራው ነገር አለኝ ብዬ ነው።

ሥራዬ የፎቶ ኮፒና የፕሪንተር ጥገና ነው። ውሎዬ አራት ኪሎና ፒያሳ፣ አንዳንዴም ወደ ስታዲየም ወረድ ብዬ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ እዚህ አካባቢ ዋናው መንገድ በመብራት ተጥለቅልቋል፤ ማታ ለመንገድ ብሎ ባትሪ የሚይዝ ሰው አላይም። ጨለማው ያለው ውስጥ ነው። ምድር ቤት ያለ ኮፒ ቤት፣ የአሮጌ ፎቅ ደረጃ፣ ከበር ጀርባ የተሰቀለ ቆጣሪ፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጊዜ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማሽኑ ሆድ። አብዛኛው ከክንድ ርቀት አይበልጥም።

ባትሪዋ አሉሚኒየም ነች፣ ከትንሿ ጣቴ ብዙም አትወፍርም። ጭንቅላቷን ሲያጠብቁት ትበራለች። የምትጎርሰው አንድ ቀጭን የሪሞት ድንጋይ፣ ትሪፕል ኤ የሚባለውን ነው። መጀመሪያ ደብዛዛው ይመጣል፣ ፈታ አድርጋችሁ መልሳችሁ ስታጠብቁ መካከለኛው፣ ከዚያ ኃይለኛው። ብራንዷን አልጠቅስም፤ እንዲህ ዓይነት የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

"ስልክህ ላይ አለ አይደል እንዴ?" ይሉኛል። አለ። ግን በቶነር፣ ማለትም በኮፒ ማሽኑ የቀለም ዱቄት፣ በጠቆረ እጅ ስልክ አይነካም። ስልክ በሮለሩና በማሽኑ ግድግዳ መካከል አይገባም፣ ጥርስ ላይም አይያዝም። (አዎ፣ ጥርሴ ላይ እይዛታለሁ። ባለቤቴ ይህን ካየች ወዲህ ባትሪዋን በሳሙና ሳላጥብ ቤት አትገባም ብላለች።) ደግሞ ብዙ ጊዜ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ሌላኛው ደንበኛ "የት ደረስክ ወንድሜ?" እያለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሻጮች ሉመን ይጠሩላችኋል፤ አምስት መቶ፣ ሺህ፣ እንደ ሻጩ ድፍረት። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላው ነው። ለዓይናችሁ የሚጠቅመው ግን የምታዩት ነገር ላይ ያረፈው ነው፣ እሱ የሚለካው በሉክስ ነው። ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር ሉክሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 50 ካንዴላ (ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ያለው ጥንካሬ መለኪያ ነው) ብቻ ያላት፣ ደካማ የምትባል ባትሪ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ 550 ሉክስ አካባቢ ትሰጣለች። ለቢሮ ጠረጴዛ የሚመከረው እኮ 500 ነው! 1,000 ካንዴላ ያላት ደግሞ እዚያው ቦታ ከ11,000 ሉክስ በላይ ታፈስባችኋለች። ነጭ ወረቀት ላይ ሞክሩት፤ ጽሑፉ ይጠፋና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል።

ለእኔ ሥራ ነገሩ ከማንጸባረቅም ያለፈ ነው። የኮፒ ማሽን ድራም ብርሃን እንዲሰማው ሆኖ የተሠራ ነው፤ ምስሉን የሚፈጥረውም በዚሁ ነው። ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ይጎዳል፣ ኮፒው ላይ ጥላ ወይም መስመር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የማሽን በር ከፍቼ የተቀደደች የወረቀት ቁራጭ ስፈልግ የምጠቀመው ደብዛዛውን ነው፣ ድራሙንም በጨርቅ እሸፍነዋለሁ። እንዲህ ቀን ላይ መጀመሪያ ኃይለኛው የሚመጣባት ባትሪ ጠላት ነች። ደብዛዛው ይቅደም፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብርሃኑን ፊት ለፊት አትስጡት፣ በጎን አስተኝታችሁ ስጡት። ጥቁር አንጸባራቂ ሮለር ላይ ፊት ለፊት ሲበራ ምንም አይታይም፤ በጎን ሲሆን ግን ጭረቱም፣ የተጋገረው ቶነርም፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅም ጥላ አውጥቶ ብቅ ይላል። ለዚህ ትንሿ ባትሪ ከትልቁ ትሻላለች፤ የትም ጠርዝ ትገባለች።

የእኔዋ መሃሉ ላይ በጣም የደመቀ ክብ፣ ዙሪያው ደግሞ ጨለም ያለ ብርሃን ነበራት። ያ ለሩቅ እንጂ ለቅርብ አይሆንም። ሌንሷ ላይ ነጣ ያለውን፣ የማያንጸባርቀውን ስኮች ቆርጬ ለጠፍኩ። ብርሃኑ እኩል ተበተነ። እስካሁን እንደተለጠፈ ነው።

ቀለም ላይ ደግሞ ልቆይ፤ ሰው አይቶ የማያይ ነገር ነው። ነጭ ኤልኢዲ በአብዛኛው ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ቢጫ ዱቄት ተቀብቶ የተሠራ ነው። (ሰማያዊውን የፈጠሩት ሦስት ሰዎች በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ወስደውበታል።) ርካሾቹ ላይ ሰማያዊው ይበዛል፣ ቀዩ ያንሳል። ውጤቱን የማየው ፓወር ሰፕላይ ስከፍት ነው፦ ሬዚስተር ላይ ያሉት፣ መጠኑን የሚናገሩት ቀይ፣ ቡናማና ብርቱካንማ መስመሮች ሁሉም አንድ ዓይነት የቆሸሸ ቡኒ ይሆናሉ። የተሳሳተ ሬዚስተር መቀየር ደግሞ ምን እንደሚያመጣ የሞያ ጓደኞቼ ያውቁታል። ይህን የሚነግራችሁ ቁጥር ሲአርአይ ይባላል፣ ጣሪያው 100 ነው፤ የእኔዋ ከ90 በላይ ነች ተብላ ነው የተሸጠችልኝ፣ ቀዩንም በደንብ ታሳየኛለች። ግን ተጠንቀቁ፤ ዋናው ሲአርአይ የስምንት ለስላሳ ቀለሞች አማካይ ነው፣ ደማቁ ቀይ አይቆጠርበትም። እሱ ለብቻው አር9 ተብሎ ይጻፋል፣ ከተጻፈ።

ሳጥኑ ላይ "አንሲ ኤፍ ኤል 1" የሚል ካያችሁ፣ የእጅ ባትሪ አለካክ ደረጃ ነው፤ ቁጥሮቹ በዚያ ደረጃ ተለክተዋል ማለታቸው ነው። እዚያም ላይ "ይህን ያህል ሰዓት ትሠራለች" ማለት ብርሃኗ ወደ መነሻው 10 በመቶ እስኪወርድ ነው። የርቀቱን ቁጥር እርሱት፤ የሚለካው ብርሃኑ የሙሉ ጨረቃን ያህል፣ ማለትም 0.25 ሉክስ እስኪቀር ነው። ለእኛ ሥራ ምኑም አይጠቅም።

ድንጋይ። ሰፈር ሱቅ ያለው ርካሹ ዚንክ ካርቦን ውስጥ አይክረም፤ ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ነው፣ ድንጋዩ ሲሠራ የሚበላውም እሱ ነው፣ ሲሳሳ ይበሳና ያፈሳል። አልካላይኑም ቢሆን አልቆ ከተረሳ ያፈሳል። የእኔዋ ውስጥ በክረምቱ አንዱ አፍሶ ነጭ ነገር ሠርቶ አገኘሁት፤ አልካላይን ስለነበር በጥጥ ትንሽ አቼቶ ነክቼ ጠረግኩት፣ አደረቅኩት፣ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ የሚደረገውን፣ 1.2 ቮልቱን ነው የምጠቀመው። ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ደጋግሞ ያገለግላል።

ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሾቹስ? ቆንጆ ናቸው፣ ቀላል ናቸው። ብዙዎቹ ግን ውስጣቸው ያለው ሊቲየም አይቀየርም፤ እሱ ሲያረጅ ባትሪዋም አብራ አለቀች። በቀን አንዴ የበር ቁልፍ ቀዳዳ ለሚፈልግ ይበቃሉ፣ ለእኔ አይሆኑም።

ቅሬታዬን ልናገር። ኪስ ውስጥ በራሷ ትጠብቅና ትበራለች፤ ስለዚህ ስትጠፋ አንድ ግማሽ ዙር ያህል ጨምሬ እፈታታለሁ። በጣም ከፈታችኋት ደግሞ ሆዷ ጭንቅላቷን ጥሎ ይሄዳል። ጭንቅላቷ የሚጠብቅበት ጥርስ ላይ ጥቁር የአሉሚኒየም ብናኝ ይሰበሰብና ብልጭ ድርግም ትላለች፤ በአልኮል ጠርጌ ጠብታ የሲሊኮን ቅባት አደርግላታለሁ። ይዛው የመጣችው ቀለበት ቀጭን ነበር፣ ተከፈተ፤ ፒያሳ ቁልፍ ቀራጭ ጋ ወፍራሙን አስቀየርኩ። ቀለሟ ከቁልፍ ጋር እየታሸ ጠርዝ ጠርዙ ተልጧል፣ እሱ ግድ አይሰጠኝም።

ለመግዛት መርካቶ ከወጣችሁ ሻጩ በሩቁ ግድግዳ ላይ ያበራላችኋል። እናንተ መዳፋችሁ ላይ አብሩት፤ ቆዳችሁ አመድ ከመሰለ መልሱለት። ጭንቅላቷን ፈታችሁ ጥቁሯ ጎማ መኖሯን እዩ። ድንጋዩንም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ እነሱ የሚሞክሩበት ብዙ ጊዜ የደከመ ነው።