ቦስ ደብሊው ኤል 20፦ ከገመድ የተፈታ ጊታር

የጊታር ገመድ ሰልችቶኛል። ጃኩ (ጊታሩ ላይ የሚሰካበት ቀዳዳ) ጋ ይላላል፣ ሲረገጥ ይንኳኳል፣ ዘፋኙ በዞረ ቁጥር እግሩ ሥር ይገባል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሥራ ካለቀ በኋላ መጠቅለሉ ነው። ሰው ሁሉ መሣሪያውን አዝሎ ሲወጣ እኔ መድረክ ላይ ቁጢጥ ብዬ ቋጠሮ ስፈታ እገኛለሁ። ስለዚህ ገመድ አልባ የገዛሁት ለመዝለል አይደለም። ጉልበቴም አይፈቅድ። እግሬ ሥር ያለው ወለል ነፃ እንዲሆንልኝ ብቻ ነው።

የገዛሁት ቦስ ደብሊው ኤል 20 ነው። ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ሁለቱም መዳፍ ውስጥ ይገባሉ። አንደኛው ማስተላለፊያ ነው፣ ጊታሩ ላይ ይሰካል። ሌላው መቀበያ ነው፣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ወይም የመጀመሪያው ፔዳል (በእግር የሚረገጠው ድምፅ መቀየሪያ) ላይ ይሰካል። ለማገናኘት ሁለቱን እርስ በርስ ሰክቶ 10 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ነው። ያልተጨናነቀ ቻናል ራሳቸው ፈልገው ይስማማሉ። ስክሪን የለ፣ የሚመረጥ ቻናል የለ፣ መመሪያ ማንበብ የለ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው።

ጊታሪስቶች ስለ ገመድ አልባ ሲወራ መጀመሪያ የሚያነሱት መዘግየትን ነው። “ጣቴ ቀድሞ ድምፁ ኋላ አይመጣም ወይ?” ይላሉ። ፋብሪካው ለዚህ ዕቃ የሰጠው ቁጥር 2.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ድምፅ ደግሞ በአየር ላይ በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚጓዘው 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አስሉት። ከአምፓችሁ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላችሁ ብትቆሙ የምታገኙት መዘግየት ነው። መድረክ ላይ ሁላችንም ከአምፑ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀን ነው የምንጫወተው። ዘገየ ብሎ ያማረረ ሰው አላየሁም።

መዘግየት የሚሰማው ሲደራረብ ነው። ዲጂታል ፔዳል የራሱን ይጨምራል። ዲጂታል ሚክሰር ይጨምራል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሞኒተርም ዲጂታል ገመድ አልባ ከሆነ እሱም ድርሻውን ይጨምራል። ድምሩ 10 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ፣ ፈጣን ነገር ስጫወት ክሩ ላስቲክ የሆነብኝ ይመስለኛል። ያኔ ጥፋቱ የአንዱ ዕቃ ሳይሆን የሰልፉ ነው።

ብሉቱዝስ? ለመጫወት እርሱት። ተራ ብሉቱዝ ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ሙዚቃ ለማዳመጥ ምንም አይደለም። ጊታር መትቶ ራስን ለመስማት ግን የማይሆን ነገር ነው።

ወደ ድምፁ ልምጣ። የጊታር ገመድ ድምፅ አሳልፎ ብቻ አይተውም። በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ያህል ኤሌክትሪክ የመያዝ ባሕርይ አለው። ባትሪ የሌለው ተራ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የጊታር ክፍል) ከዚህ ጋር ሲገናኝ ከላይ ያለው ስል ድምፅ ይቀንሳል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ገመድ አልባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰካ ሰው “ጊታሬ ምነው ጮኸ?” የሚለው። ምንም አልሆነም፤ ገመዱ ይበላው የነበረው ተመልሶለት ነው። የቦስ ሰዎች ይህን ስላወቁ ደብሊው ኤል 20 ውስጥ የገመድን ተጽዕኖ አስመስሎ የሚያሳይ ነገር ከተውበታል። ኤል የሚል ፊደል ከኋላው የተጨመረበት፣ ማለትም 20ኤል፣ ይህ የለውም። ኤሌክትሪክ ጊታራችሁ ተራ ፒክአፕ ካለው 20ውን ግዙ። ፒክአፑ አክቲቭ፣ ማለትም ባትሪ ያለው ከሆነ፣ ወይም ጊታሩ ውስጡ ፕሪአምፕ (ድምፁን ቀድሞ የሚያጎላ) ያለው አኩስቲክ ከሆነ 20ኤልን ግዙ። ሻጩ “ያው ነው” ቢላችሁ አትስሙት።

እኔ በገመድና ያለ ገመድ እየቀያየርኩ ሞክሬዋለሁ። ከበሮ መቺያችን ጀርባውን ሰጥቶ ይገምታል። መለየት አልቻለም። ለነገሩ እሱ ጊታር ዝም ሲል ብቻ ነው ደስ የሚለው። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛችንም ወስዶ ሞከረው። የአምስት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር 31 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚነዝረው። ዕቃው ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ስለሚያሳልፍ ከታች የጎደለ ነገር አልሰማም።

አንድ የማይስማማው ነገር አለ፤ ፉዝ፣ ማለትም ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ፔዳል። የድሮው ዓይነት ፉዝ ፔዳል ፒክአፑን በቀጥታ ማየት ይፈልጋል። የጊታሩን ቮልዩም ቀነስ ስታደርጉ ድምፁ የሚጠራው በዚያ ምክንያት ነው። መሃል ላይ ማንኛውም ገመድ አልባ ሲገባ ይህ ጨዋታ ይበላሻል፤ ድምፁም ከልክ በላይ ይሻክራል። ሙዚቃችሁ በፉዝ ላይ የቆመ ከሆነ ከገመዳችሁ ጋር ተስማምታችሁ ኑሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው ስለ መዘግየትና ስለ ድምፅ ጥራት ሲጨቃጨቅ፣ መድረክ ላይ የሚያዋርደው ግን አየሩ ነው። ይህ ዕቃ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ፈቃድ የማይጠይቅ ሞገድ ስለሆነ ሁሉም ሰፍሮበታል። ዋይፋይ አለ፣ ብሉቱዝ አለ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀር አለ። በዚያ ላይ 2.4 ጊጋኸርዝ ውሃ አይወድም፤ የሰው ገላ ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስትሞክሩት ጥግ ድረስ ይደርሳል። ሰዉ ሲገባና የእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ስልክ ሲኖር ታሪኩ ይለወጣል። ፋብሪካው 15 ሜትር ያህል ይላል። እኔ ሰው በሞላበት አዳራሽ የዚያን ግማሽ አስቤ ነው የምቆመው።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ርካሽ ዕቃ፣ ስሙ ይቅርና፣ ሶሎዬ መሃል ላይ ዝም አለብኝ። ዲጂታል ሲቋረጥ እንደ ድሮው ሬዲዮ አያጉረመርምም። ጭጭ ነው። ሰዉ ረስቼ ያቆምኩ ነው የመሰለው። በኋላ ስናጣራ ሳውንድ ማኑ (የድምፅ ባለሙያው) ሚክሰሩን በታብሌት የሚያዝበት የዋይፋይ ራውተር እኔ መቀበያ አጠገብ ተቀምጧል። ያ ራውተር በዚያው በ2.4 ላይ ሙሉ ጉልበቱን ይለቅቃል። ከዚህ ጥፋት ቦስም ሆነ ሌላው ሊያድናችሁ አይችልም። ሳውንድ ማኑን በትህትና “ወንድሜ፣ ራውተርህን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙርልኝ” በሉት። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የእናንተ ዕቃ ግን አዲሶቹ የሚመጡበት 5.8 ጊጋኸርዝ ከሆነ ተጠንቀቁ። የዋይፋይ ቻናል 149 እና ከዚያ በላይ ያሉት እዚያው ሰፈር ናቸው። ራውተሩ ከ36 እስከ 48 ባሉት ላይ ይሁን።

ሌላው የቦታ ነገር ነው። ብዙ ሰው መቀበያውን ከአምፑ ኋላ፣ ወለል ላይ ይወረውረዋል። ከዚያ ይረግማል። መቀበያው ማስተላለፊያውን ማየት አለበት። እኔ አጭር ገመድ ጨምሬ ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። አዎ፣ ገመድ አልባውን ለማገዝ ገመድ! ሳቁ። ለአምፑ ጀርባችሁን ስትሰጡም የራሳችሁ ሆድ መሃል እንደሚገባ አትርሱ።

ጥቅሙን በተመለከተ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት። ጊታር ይዞ ማይክ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋና የተነዘረ ያውቀዋል። የአንዱ ዕቃ ግራውንድ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ሲበላሽ ክሩና ማይኩ መሃል እናንተ ገመድ ትሆናላችሁ። ገመድ አልባ ሲሆን ግን ጊታሩን ከአምፑ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ የለም። “ኪስ” የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ጊታሪስት ኤስ ፍሬህሊ በ1976 ፍሎሪዳ ውስጥ መድረክ ላይ ክፉኛ የተነዘረው እንዲህ ባለ ነገር ነው። ባንዱ ከዚያ በኋላ ኬን ሻፈር ወደሠራው ሻፈር ቬጋ ወደተባለው ገመድ አልባ ዞረ። ያ ዕቃ አናሎግ ነበር፤ ድምፁን ጨምቆ ልኮ እንደገና ይዘረጋዋል። በዚህ መሃል የራሱን ቀለም ይቀባል። ኤሲዲሲ የተባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት አንገስ ያንግ ያንን ቀለም ወዶት ስቱዲዮ ውስጥም ተጠቅሞበታል። የዛሬዎቹ ዲጂታሎች ቀለም የላቸውም። እኔ ጀርባ ድምፅ ስለምዘፍን፣ ከንፈሬ ማይክ ሲነካ አለመስጋቴ ብቻ ዋጋውን አውጥቶልኛል። የተበላሸውን ግራውንድ ግን አይጠግነውም። ሌላ ብረት ነክታችሁ ማይክ ብትይዙ ያው ይነዝራችኋል።

ባትሪው ማስተላለፊያው ላይ 12 ሰዓት፣ መቀበያው ላይ 10 ሰዓት ያህል ነው። ለአንድ ምሽት ከበቂ በላይ። ቅሬታዬ ሁለቱንም ቻርጅ ማድረግ ማስፈለጉ ነው። አንዱን ሰክቼ ሌላውን እረሳለሁ። ባትሪው ውስጥ የታሸገ ሊቲየም ስለሆነም ዓመታት ሲያልፉ አቅሙ መውረዱ አይቀርም፤ እንደ ፔዳል ባትሪ አውጥቶ መቀየር የለም። የፔዳል ሰሌዳ ያላችሁ ከሆነ ደብሊው ኤል 50ን እዩ። መቀበያው በአዳፕተር ይሠራል፣ ማስተላለፊያውን እላዩ ላይ ስትሰኩት ይሞላል፣ ርቀቱም 20 ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ብገዛ እሱን ነበር የምገዛው።

ገንዘብ ለሚያሳስበው ኤክስቫይቭ ዩ2 አለ። ቻናሉን በእጅ ትመርጣላችሁ፤ አራት አለው። ባትሪው 5 ሰዓት ያህል ነው፣ መዘግየቱም ከ6 ሚሊ ሰከንድ በታች። ልምምድ ላይና ትንሽ መድረክ ላይ አያሳፍርም። ኪቦርድ ለሚጫወቱ ግን ምንም አልመክርም። ኪቦርዱ የትም አይሄድ። ስቴሪዮ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሁለት ስብስብ መግዛት ነው፤ ለምን?

ጃኩ ጎኑ ላይ የሆነ ጊታር ያላችሁ ተቀምጣችሁ ስትጫወቱ ማስተላለፊያው ጭናችሁን ይወጋል። ጊታሩን ግድግዳ ላይ ስታስደግፉም መጀመሪያ ንቀሉት። ክብደቱ ያረፈው የጊታሩ ጃክ ላይ ነው፤ ከተመታ የሚሰበረው እሱ ነው።

ትልቅ መድረክ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ሁሉ አይበቃችሁም። ዩኤችኤፍ በተባለው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም በሚጠቀሙበት ሞገድ የሚሠራ ዕቃ ውስጥ መግባት አለባችሁ። አሮጌ ዩኤችኤፍ በርካሽ ስታገኙ ግን የሚሠራበትን ሞገድ ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። አሜሪካ ውስጥ የ600 ሜጋኸርዝ ሞገድ አብዛኛው ለሞባይል ስልክ ተሰጥቶ፣ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚያ ክልል ማይክም ሆነ ጊታር መጠቀም ተከልክሏል። የማይሠራበት ሰው ነው በርካሽ የሚሸጠው።